ስምንተኛው ቦታ

በላቲን ኪቦርድ አማርኛ ስንጽፍ ከሥር የሚሠራው ስሌት አንድ መስመር ነው። የመጨረሻው ፊደል ቁጥር ይወሰዳል፤ ለ8 ተካፍሎ የሚተርፈው ይቀነሳል፤ በምትኩ የአናባቢው ቁጥር ይደመራል። የኤል ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ ላይ «ል» ይወጣል። የኤ ቁልፍ ሲከተል «ል» ሄዶ «ላ» ይተካል። በሁለቱ መካከል የሆነው ይኸው ነው፦ የ«ል» ቁጥር 4621 ነው። ለ8 ሲካፈል 5 ይተርፋል። 5 ሲቀነስ 4616። 3 ሲደመር 4619። 4619 «ላ» ነው።

ያው መስመር «ም»ን «ማ»፣ «ብ»ን «ባ»፣ «ጭ»ን «ጫ» ያደርጋል። ተነባቢው የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። ይህን ሥራ ለጀማሪ ብትሰጡት ሠንጠረዥ ይዘረጋል፤ «ል» ላይ ኤ ከመጣ «ላ»፣ «ም» ላይ ኤ ከመጣ «ማ» እያለ ይወርዳል። 34 ቤት በ7 ሲባዛ 238 መስመር ነው። አንዱ መስመር ላይ ጣቱ ቢስት፣ «ጬ» መጻፍ የፈለገ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቅለትም። ስሌቱ ላይ ስህተት ቢኖር ግን ገና የመጀመሪያው ፊደል ሲጻፍ ይጋለጣል።

የሌላ ሰው ኮድ ሳነብ ቀድሜ የምቆጥረው «ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደገባ ነው። እዚህ መስመር ውስጥ አንድም የለም። የሌለው ግን ጻፊው ስለተራቀቀ ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራ ከኮዱ በፊት፣ ፊደሎቹ በተደረደሩበት ስፍራ አልቋል።

የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ድርድር ነበረው። አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ስለማይበቃ ፊደሎቹ ለሁለት ፎንት ይከፈሉ ነበር፤ ወይም ከቁርጥራጭ ይገጣጠሙ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ዩኒኮድ የሰጠው ስፍራ ከ4608 እስከ 4991 ያለው ነው፤ 384 ቦታ። መነሻው 4608 ያለ ቀሪ ለ8 ይካፈላል። ስለዚህ የ«ሀ» ቤት ከ4608፣ የ«ለ» ቤት ከ4616፣ የ«ሐ» ቤት ከ4624፣ የ«መ» ቤት ከ4632 ይነሳል። እያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ይይዛል። ፕሮግራመር ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጥር ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ነው።

ፊደል የቆጠረ ሰው ግን የሚያውቀው 7 ዓምድ ነው። 7 ለኮምፒውተር አይመችም። 8 ሦስት ቢት ልክ የሚይዘው መጠን ነው። ስምንተኛው ቦታ ሲጨመር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተገኘ። ከገበታው ጠርዝ ለብቻቸው ይጻፉ የነበሩት ዲቃሎች፣ ሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ሷ፣ ቧ፣ ቷ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ። ከቁጥሩ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶችም አናባቢውን ብቻ፣ የቀሩት ተነባቢውን ብቻ የሚናገሩ ሆኑ። «ል» በ101 ያልቃል፤ «ላ» በ011። ኮምፒውተሩ ማካፈልም አያስፈልገውም። ሦስቱን ቢቶች አጥፍቶ ሌላ ሦስት ይጽፋል።

እኔ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ያልተጻፈበትን ቦታ ነው። ከ«ቀ» ቤት ቀጥሎ የ«ቈ» ቤት አለ። ያለው አምስት ፊደል ነው፦ ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ። ካዕብና ሳብዕ የለውም። አምስቱን አጠጋግቶ ሦስት ቦታ ማትረፍ ይቻል ነበር። አልተደረገም። ቈ 4680 ላይ ነው። 4681 ባዶ ነው። ቊ 4682፣ ቋ 4683፣ ቌ 4684፣ ቍ 4685። ከዚያ 4686 እና 4687 ባዶ ናቸው። ቋ ራብዕ ነው፤ 4683ም ለ8 ሲካፈል 3 ይተርፈዋል። የካዕብ ቦታ ባዶውን ባይተው ኖሮ ቋ ሣልስ ላይ ይወድቅ ነበር።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ስድስት ናቸው፦ ቈ፣ ቘ፣ ኈ፣ ኰ፣ ዀ፣ ጐ። በየቤቱ 3 ባዶ ቦታ፣ በጠቅላላው 18። በ384ቱ ውስጥ ዛሬ ባዶ የሆነው ቦታ በሙሉ 26 ነው። ከቀሩት 8 ሦስቱ የቐ፣ የኸ እና የዐ ቤቶች ስምንተኛ ቦታዎች ናቸው። ሁለቱ ከፊደሎቹ ማብቂያ፣ ሦስቱ ከቁጥሮቹ በኋላ ይገኛሉ። አንድም ያለምክንያት የተተወ አላገኘሁም።

ስምንተኛው ዓምድ ራሱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በ«ለ» ቤት ሏ የተቀመጠበት ቦታ ላይ በ«አ» ቤት የተቀመጠው ኧ ነው። አማርኛ «አ»ን ከ«ኣ» ጋር በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ የግዕዙ ድምፅ መጠጊያ አጥቶ ነበርና እዚያ አገኘ። የ«ሀ» ስምንተኛ በ1999 ባዶ ነበር፤ ሇ የገባው በ2005 በወጣው በ4.1 እትም ነው። የራሳቸው የዲቃላ ቤት ካላቸው ስድስቱ በአማርኛ የተለመዱት አራቱ፣ ቀ፣ ኀ፣ ከ እና ገ፣ ቋን፣ ኋን፣ ኳን እና ጓን የሚያገኙት ስምንተኛው ላይ ሳይሆን ቀጣዩ ቤት ውስጥ ነው። ከ«ለ» ወደ «ሏ» 7 ይደመራል፤ ከ«ቀ» ወደ «ቋ» 11። ለአራቱም 11 ነው። የኪቦርዱ ኮድ እዚህ ላይ አንድ «ከሆነ» ይጽፋል፤ የሚገባው ቦታም ይህ ነው።

ድርድሩ ጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ይታያል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሰላም፦ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157። የመጀመሪያው ባይት ለ384ቱም 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ብቻ ይሄዳል። ሦስተኛው 64 እሴት አለው፤ 64 ማለት 8 ቤት በ8 ቦታ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እና ሸ ሁለቱን የፊት ባይቶች ይጋራሉ፤ ከ«ቀ» ጀምሮ ሁለተኛው ባይት 137 ይሆናል። የሦስተኛው ባይት ሁለት ቢቶች ምልክት ናቸው፤ ሦስቱ ቤቱን፣ ሦስቱ አናባቢውን ይይዛሉ። የሰላም ሦስት ፊደሎች በዚህ ስፍራ ሲታዩ 110 000፣ 001 011፣ 011 101 ናቸው፦ ሰባተኛ ቤት ግዕዝ፣ ሁለተኛ ቤት ራብዕ፣ አራተኛ ቤት ሳድስ። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ-8ን በ1992 ሲቀርጹት ለግዕዝ አልለኩትም። ሁለቱም ሥራዎች የተለኩት በሁለት ርቢ ስለሆነ ልክ ለልክ ገጠሙ።

የቢሮ ሥራዬ ይህን አይመስልም። ቅጽ፣ የክፍያ ገጽ፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክ ኤስኤምኤስ። ቢሆንም ፊደሉ እዚያም ይከተለኛል። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ነው። በላቲን 160 ሆሄ ይይዛል፤ በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። 71ኛው ፊደል ሁለተኛ መልእክት ይከፍታል፤ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። በእርግጥ ላቲን አምስት ሆሄ የሚያወጣበትን ሰላም እኛ በሦስት እንጽፈዋለን። የጠፋው ግማሽ ገደማ በዚህ ይመለሳል። የቀረውን የሚመልሰው «እባክዎ»ን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ 70 ፊደል ውስጥ ጨዋ መልእክት ማስገባትን እንደ ሙያ የማየው ለዚህ ነው።

ለራሴ የምጽፈው ፕሮግራም ከግሥ ስም ያወጣል፦ ከጨረሰ ጨራሽ፣ ከከፈተ ከፋች፣ ከለመነ ለማኝ። ለካ ይህም ድርድሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሸ ከሰ ቀጥሎ ነው፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ጨ ከጠ። ርቀቱ ሁልጊዜ 8 ነው። ጨረሰ ሲመጣ መካከለኛው ፊደል ላይ 3 ይደመርና «ራ» ይሆናል፤ የመጨረሻው ላይ 8 እና 5 ይደመርና «ሽ» ይሆናል። ከፈተና ለመነ በዚያው ስሌት ያልፋሉ። ወሰደ ሲመጣ 8ቱ 16 ይሆናል። በ«ደ» እና በ«ጀ» መካከል ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚያገለግለው ዸ ስለገባ ነው። ከከፈለ ከፋይ ለማውጣት ደግሞ ከ«ለ» እስከ «የ» ድረስ 224 መሻገር አለ። ይህን ለብቻው ጽፌዋለሁ።

እዚህ ላይ ምስጋናው የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ አይደለም። የጥንት ጸሐፊዎች በ«ሰ» አናት ላይ ሰረዝ ጨምረው «ሸ»ን አወጡ፤ ከእናቷም ጎን አስቀመጧት። ያ ሰረዝ ዛሬ 8 መደመር ነው።

የስም ፍለጋ ኮድም ከዚሁ ይወጣል። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ የሚባሉ ሦስት ደንበኞች በፍለጋ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ከ«ሐ» ወደ «ሀ» 16 ይቀነሳል፤ ከ«ኀ» ወደ «ሀ» 128፤ ከ«ዐ» ወደ «አ» 48፤ ከ«ፀ» ወደ «ጸ» 8። ከ«ሠ» ወደ «ሰ» 16 ይደመራል። አምስቱም ቁጥሮች የ8 ብዜት ናቸው፤ ስለዚህ ተነባቢው ሲቀየር አናባቢው አይነካም። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ቤቶቹ ቀድመው ከተዋሃዱ፣ ራብዑን ከግዕዙ ለማስማማት የሚቀረው ሥራ ሁለት ነው፦ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ተገልብጦ ቢሠራ ሃ፣ ሓ፣ ኃ፣ ኣ እና ዓ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መስመር ይጠይቃሉ። ቅነሳው በሰባቱ ላይ ብቻ መቆም አለበት። ስምንተኛው ላይ ቢደርስ ሗ ሇ ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ድምፅ አይደሉም። ይህ ሁሉ የሚሆነውም ለፍለጋ በተቀዳው ግልባጭ ላይ ነው። ሰው ስሙን የጻፈበት ፊደል እንደጻፈው ይቀመጣል።

ከፊደሉ ወደ ቁጥሩ ስንሻገር ዘዴው ይለወጣል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እና ፼። የድረ ገጽ ዝርዝሮችን በግዕዝ ለመቁጠር ደብልዩ ስሪ ሲ በሲኤስኤስ መስፈርት ያስቀመጠው አሠራር አለ፤ ረጋ ብሎ ለሚያነበው ሰው ደስ ይላል። ቁጥሩ ከቀኝ ወደ ግራ በሁለት በሁለት አሃዝ ይከፈላል። ክፍሎቹ ከ0 ጀምሮ ተራ ይሰጣቸዋል። ጎዶሎ ተራ ያለው ክፍል ፻ ይከተለዋል፤ ሙሉ ተራ ያለው ፼፣ ከ0ኛው በቀር። 2018 ወደ 20 እና 18 ይከፈላል፤ ፳፣ ፻፣ ፲፰፤ ፳፻፲፰። የአሥሩን ምልክት ለማግኘት አሃዙ 4977 ላይ፣ የአንዱን ለማግኘት 4968 ላይ ይደመራል። ዜሮ ሲሆን ምንም አይጻፍም።

ጥንቃቄው 1 እና 0 ላይ ነው። 100 ሲጻፍ ፻ ነው እንጂ ፩፻ አይባልም፤ ስለዚህ ጎዶሎ ተራ ላይ ያለ ብቸኛ 1 ይጣላል። የፊተኛው ክፍል 1 ከሆነም ይጣላል፤ 10000 ፼ ብቻ ነው። ቁጥሩ ራሱ 1 ሲሆን ግን በዚህ ሕግ ምንም ስለማይተርፍ መጀመሪያውኑ ለብቻው ተይዟል። ቀጥሎ ሚዛኑን የሳተ የሚመስል ነገር ይመጣል። ጎዶሎው ክፍል 0 ከሆነ ፻ው አብሮ ይወድቃል፤ ሙሉው ክፍል 0 ቢሆንም ፼ው ይቆያል። ስህተት መስሎኝ 1000000ን በወረቀት ሠራሁት። ክፍሎቹ 1፣ 00፣ 00፣ 00 ናቸው። የመጀመሪያው ፻ ይሰጣል። ሁለተኛው ዜሮ ነው፤ ፼ው ግን ይቆያል። ሦስተኛው ከነ፻ው ይጠፋል። ፻፼ ተገኘ፤ መቶ እልፍ። ፼ው ቢጣል ኖሮ ሚሊዮኑ መቶ ሆኖ ይቀር ነበር።

የቀን መቁጠሪያውን በአጭሩ ላንሳ። ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ያለፉትን ቀናት ለማግኘት ዓመቱ 1 ተቀንሶለት በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው እየተጣለ ይደመራል፤ ወሩ 1 ተቀንሶለት በ30 ይባዛል፤ ቀኑ 1 ተቀንሶለት ይደመራል። ጳጉሜን ራሷ 13ኛ ወር ሆና በዚያው ታልፋለች። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት ጊዜ ነው፤ 2015 እንዲህ ነበር። ቀኗ የዓመቱ መጨረሻ ስለሆነች ከኋላዋ የምትገፋው ወር የለም። ፈረንጆቹ ትርፏን ቀን የካቲታቸው ውስጥ ስላስገቧት ስሌታቸው ሁልጊዜ መታጠፍ አለበት። ዘለር የተባለው ጀርመናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባወጣው ቀመር ጥርንና የካቲትን ያለፈው ዓመት 13ኛና 14ኛ ወር አድርጎ ይቆጥራል፤ ትርፏ ቀን ከዓመቱ ጫፍ እንድትውል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት መጠነ ራብዒት የሚሉትም ይኸው ቀሪው የተጣለለት ለ4 ማካፈል ነው። ለ2016፣ 7516 ዓመተ ዓለም ለ4 ሲካፈል 1879፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9395፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ማክሰኞ ዋለ።

ወደ ፊደሉ ልመለስና ቅሬታዬን ልናገር። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋ የሚያስፈልጉ 16 ፊደሎች ከ4992 እስከ 5007 ተጨመሩ፤ የመ፣ የበ፣ የፈ እና የፐ ዲቃሎች፣ አራት አራት። ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። ᎀ 4992 ላይ ነው፤ ቀሪ 0፣ ግዕዝ፤ ልክ ነው። ᎁ 4993 ላይ ነው፤ ቀሪ 1፣ ካዕብ ይመስላል፤ ግን ሣልስ ነው። ᎄ 4996 ላይ ግዕዝ ሆኖ ሳለ ስሌቱ ኃምስ ይለዋል። ራብዖቹ፣ ሟ፣ ቧ፣ ፏ እና ፗ፣ እዚህ የሉም። ከ1999 ጀምሮ በየእናታቸው ቤት ስምንተኛ ቦታ ላይ ናቸው፤ ዩኒኮድ አንድ ጊዜ የሰጠውን ቁጥር ደግሞ አያነሳም። ምክንያቱን አይቼ እቀበላለሁ። ቢሆንም በየቤቱ አራት ቦታ ባዶ ተትቶ 32 ቢሰጥ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር።

ስለዚህ ለእነዚህ ሠንጠረዥ ጽፌያለሁ። በየመስመሩ የፊደሉ ቁጥር፣ የቤቱ ቁጥር፣ የአናባቢው ቁጥር አለ፦ ᎀ፣ መ፣ 0። ᎁ፣ መ፣ 2። ᎂ፣ መ፣ 4። ᎃ፣ መ፣ 5። መካከል ላይ የጎደለው 3 ነበር፤ ሟን ከ4639 አምጥቼ እዚያ አስገባኋት፣ ቧን፣ ፏን እና ፗንም እንዲሁ። 20 መስመር ሆነ። አሁን የᎀ ቤት እንደ ቈ ቤት ሁሉ 0፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 አለው።